«በቴክኒክ ምክንያት» ሲባል መንግሥት የት ነው? የአውሮፕላን ጥገና ኢንስፔክተር ሥራ ሲብራራ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የተመላለሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሻንጣው ገብቷል። ጫማ ማውለቁም፣ ቀበቶ መፍታቱም አልቋል። ሰዉ ሰዓቱን እያየ ነው። ከዚያ በድምፅ ማጉያው «በቴክኒክ ምክንያት በረራው ይዘገያል» ይባላል። አዳራሹ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ተዉአቸው ይፈትሹት፣ የነፍስ ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላው «ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ አደሩ?» እያለ ያጉረመርማል። ሳይቆይ ከመሃል አንዱ ይነሳና «ለመሆኑ እነዚህን የሚቆጣጠር መንግሥት የለም እንዴ?» ይላል።

አለ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይባላል። የአውሮፕላን ጥገናን የሚከታተሉ ኢንስፔክተሮችም አሉት። ሥራቸው ግን አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን ከምንገምተው በጣም ይለያል። እንዲያውም ዛሬ የምትሳፈሩበትን አውሮፕላን ጠዋት አንድም የመንግሥት ሰው አላየው ይሆናል። ቸልተኝነት አይደለም፤ ሥርዓቱ የተሠራው እንደዚያ ነው። እንዴት እንደሚሠራ እንየው።

በአውሮፕላኑ ዙሪያ የሚዞረው ሰውዬ ማነው?

በመስኮት ስታዩ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሰ ሰው ጎማውን ያያል፤ ጎንበስ ብሎ ከክንፉ ሥር ያማትራል፤ በባትሪ ወደ ሞተሩ ውስጥ ያበራል። ብዙ ሰው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመስለዋል። አይደለም። ወይ ፓይለት ነው፣ ወይ የአየር መንገዱ ቴክኒሺያን። የሙያ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ግን አየር መንገዱ ነው።

ቴክኒሺያኑ ይጠግናል፤ ከዚያ «ይህ አውሮፕላን ለበረራ ዝግጁ ነው» ብሎ ይፈርማል። ያለዚህ ፊርማ አውሮፕላኑ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ከቴክኒሺያኑ በላይ የጥገና ድርጅቱ የራሱ የጥራት ክፍል አለው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ባልደረቦች ሥራ ይመረምራሉ። የመንግሥቱ ኢንስፔክተር ከሁለቱም ውጭ ቆሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ እናንተ እንፈትሻለን ያላችሁትን በእውነት እየፈተሻችሁ ነው ወይ?

ባጃጅ ያለው የባሕር ዳር ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። ቦሎ ለማደስ ባጃጁ በዓመት አንዴ ይመረመራል፣ ቦሎው ይለጠፋል፣ አለቀ። በማግስቱ ፍሬኑ ቢላላ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ የተለጠፈው ቦሎ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። አውሮፕላን ላይ እንዲህ አይሄድም። አውሮፕላኑ የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት አለው፤ የሚሰጠውም መንግሥት ነው። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ግን በየበረራው፣ በየቀኑ፣ በየወሩ መደረግ ያለበት ጥገና እስከተደረገ ድረስ ነው። አንድ የግዴታ ምርመራ ቀኑ ካለፈ ወረቀቱ ተሰቅሎ እያለ አውሮፕላኑ መብረር አይችልም። ኢንስፔክተሩ የሚከታተለው ይህን ሳይቋረጥ የሚሄድ ሥራ ነው።

ሥልጣኑ ከየት መጣ ለሚል፦ የዓለም አገሮች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 ቺካጎ ላይ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ፈረሙ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት እያንዳንዱ አገር በመዝገቡ ላይ ላሉት አውሮፕላኖች ብቁነት ራሱ ኃላፊ ነው። በአውሮፕላኑ አካል ላይ «ኢቲ» ብሎ የሚጀምረው ምልክት ይህ አውሮፕላን የኢትዮጵያ መዝገብ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄ ሲነሳ ተጠሪዋ ኢትዮጵያ ናት።

ታዲያ ምኑን ነው የሚያየው?

በአብዛኛው ወረቀት። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር። ይህን የሰማ ሰው ቅር ይለዋል። አውሮፕላን እንጂ ፋይል ምን ያደርጋል ይላል። ግን አንድ ቀን አብረን እንከተለው።

ኢንስፔክተሩ ቦሌ ካለው ሀንጋር ገባ እንበል። ባሕር ዳር ላይ በደንብ ከምናውቃቸው ባለሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላኖች አንዷን በምልክቷ መረጠ። የቴክኒክ መዝገቧን ገለጠ። ከሦስት ሳምንት በፊት «የግራ ዋና ጎማ ተቀይሯል» የሚል መስመር አገኘ። ከሥሩ ፊርማና የፈቃድ ቁጥር አለ። ለእኛ ያለቀ ነገር ነው። ለእሱ ገና መጀመሪያው ነው።

የፈረመው ማነው? ፈቃዱ ያን ዕለት የጸና ነበር? ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን መፈረም ይችላል? አውሮፕላን መጠገን የሚችል ሰው ሁሉ ለሁሉም አውሮፕላን አይፈርምም፤ ቦይንግ ላይ የሠለጠነ ሰው ኪው 400 ላይ ዝም ብሎ ብዕሩን አያነሳም። ሥራውን የሠራው ከየትኛው የመመሪያ ገጽ ነው? ገጹስ የመጨረሻው እትም ነው ወይስ አንዱ ለእጅ እንዲመቸው ብሎ ዓምና አትሞ መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጠው? ጎማው ከየት መጣ? ለሥራ ብቁ ነው ብሎ የፈረመለት ማነው? ወረቀቱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ጎማው ላይ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል? እዚህ ላይ ከወንበሩ ይነሳና አውሮፕላኗ ሥር ገብቶ ቁጥሩን በዓይኑ ያያል። ወረቀትና ብረት ሲለያዩ ነው ነገር የሚወጣው።

ቀጥሎ ብሎኑ በምን ተጠበቀ ይላል። አውሮፕላን ላይ ብሎን «በደንብ ጥብቅ አድርጌዋለሁ» ተብሎ አይታለፍም። የማጥበቂያው ኃይል በቁጥር የተወሰነ ነው። የሚለካውም ቶርክ ሬንች በሚባል ቁልፍ ነው። ቁልፏ ላይ ትንሽ ተለጣፊ አለች፤ መቼ ተለክታ እንደተስተካከለች፣ እስከ መቼም እንደምትሠራ ይነበብባታል። ኢንስፔክተሩ ቀኗ ያለፈ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ካገኘ ጥያቄው ስለ ቁልፏ ብቻ አይሆንም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእሷ የተጠበቀው ብሎን ሁሉ የት የት ነው ያለው? ከአንዲት ተለጣፊ ተነስቶ አሥር አውሮፕላን ሊያስፈትሽ ይችላል።

የመሣሪያ ሰሌዳውንም ያያል። ጥሩ ሀንጋር ውስጥ እያንዳንዱ ፒንሳና ካቻቪቴ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቅርጹ ተሥሏል፤ አንዱ ሲጎድል ከሩቅ ያስታውቃል። ፒንሳ ጠፋ ተብሎ አውሮፕላን ይቆማል? አዎ፣ ይቆማል። የጠፋው ፒንሳ መሪው በሚንቀሳቀስበት ቦታ ተቀርቅሮ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ሌላው ትልቅ ሥራ መለዋወጫ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ እንግሊዝ አገር ያለ ሻጭ ለሲኤፍኤም 56 ሞተር የሚሆኑ ዕቃዎችን በሐሰተኛ ሰነድ ሲሸጥ እንደነበር ታወቀ። ይህ ሞተር ዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው፤ ብዙ ቦይንግ 737ና ኤርባስ 320 የሚበሩት በእሱ ነው። በየአገሩ ያሉ አየር መንገዶች ሞተር አውርደው ዕቃ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ዕቃው በዓይን ሲታይ ምንም አይልም። የተያዘው ሰነዱን የጠረጠረ ሰው አምራቹን «ይህን ወረቀት የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። ፋይል ምን ያደርጋል ላልነው መልሱ ይህ ነው።

ለመሆኑ ጥገና ሲሳሳት ምን ይመስላል?

ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር አይመስልም። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 ከእንግሊዝ ከተማ በርሚንግሃም የተነሳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን 5 ሺህ ሜትር አልፎ ሲወጣ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ተነቅሎ ሄደ። ካፒቴኑ እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተወሰደ። የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው አቆዩት፤ ረዳቱ አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን አሳረፈ። ካፒቴኑ ተረፈ።

መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው 27 ሰዓት በፊት፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። የያዙት ብሎኖች 90 ነበሩ። 84ቱ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠን አንሶ ተገኘ። የቀሩት 6 ደግሞ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ አጫጭር ነበሩ። ሥራውን የሠራው ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነው። የመለዋወጫ ክፍሉ ሰው ትክክለኛውን መጠን ነግሮት ነበር። እሱ ግን ከአሮጌው መስታወት የወጣውን ብሎን ይዞ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ በዓይኑ እያመሳሰለ መረጠ። አሮጌዎቹም ራሳቸው የተሳሳቱ ነበሩ! ለዚህ ሥራ የሁለተኛ ሰው ፍተሻ ግዴታ አልነበረም፤ መስታወት «ወሳኝ» ከሚባሉት ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ክፉ ሰው ስለሌለበት ነው። ሰነፍም የለበትም። ሰውዬው ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ የሚጥር ጎበዝ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያስቆመው ፈረቃው፣ መብራቱ፣ የዕቃ አወጣጡ፣ የሁለተኛ ሰው ዓይን ነው። ለዚህ ነው ኢንስፔክተሩ ሀንጋር ሲገባ «ሌሊት ስንት ሰው ይሠራል? እንቅልፍስ?» ብሎ የሚጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ1993 የካናዳ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ጎርደን ዱፖንት ቴክኒሺያንን የሚያሳስቱ 12 ነገሮችን ዘርዝሮ አወጣ። ድካም፣ ጥድፊያ፣ አለመነጋገር፣ «ይህን እኔ ለስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ» የሚል መዘናጋት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ በየጥገና ትምህርት ቤቱ ይሰጣል።

ኢንስፔክተር ራሱ ሲዘናጋስ?

እሱም ይከሰታል፤ በይፋ የተጻፈበት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በአየር ላይ እያለ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ በረረ። 5 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ተሳፋሪዎቹ ከአንገታቸው በላይ ሰማይ ነበር። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፤ አውሮፕላኑ ማረፍ ችሎ ሌሎቹ በሕይወት ወጡ።

አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ ተነስቶ አርፏል። የበረረው ግን 35,496 ሰዓት ብቻ ነው። አካፍሉት፤ አንዱ በረራ በአማካይ 24 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ከደሴት ደሴት እየዘለለ ማለት ነው። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ውስጡ በአየር ይነፋል፤ ሲያርፍ ይተነፍሳል። ብረቱን የሚያደክመው ይህ መነፋትና መተንፈስ ነው። ስለዚህ በአጭር መንገድ የሚመላለስ አውሮፕላን በሰዓት ገና ጎረምሳ ሆኖ በማረፍ ብዛት ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። የእኛም የአገር ውስጥ በረራ አጭር ነው፤ አዲስ አበባ–ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚህ ምክንያት ኢንስፔክተሩ መዝገብ ሲያይ ሰዓቱንም ማረፉንም ለየብቻ ይቆጥራል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምክንያቱን ሲያስቀምጥ ቀዳሚ ያደረገው የአየር መንገዱን የጥገና ሥርዓት ድክመት ነው። ቀጥሎ ግን የመንግሥት ተቆጣጣሪው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም የአየር መንገዱን የጥገና ፕሮግራምና የፍተሻ ጥራት በሚገባ አለመገምገሙን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያረጁ አውሮፕላኖች የሚፈተሹበት መንገድ በዓለም ዙሪያ ተለወጠ።

አንድ ተሳፋሪ ሲገቡ በአውሮፕላኑ አካል ላይ ስንጥቅ አይተው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እነሱ ያውቁታል» ብለው ይሆናል፤ እኛም እንላለን። እናንተ ግን የሚንጠባጠብ ነገር ወይም የተላቀቀ ክዳን ካያችሁ ለበረራ አስተናጋጅ ንገሩ። ምንም ካልሆነ ምንም አይደለም ይሏችኋል። ማንም አይስቅባችሁም።

የባሕር ዳሩስ አደጋ የጥገና ጉድለት ነበር?

አይደለም። በዕድሜ ገፋ ያሉ የከተማችን ሰዎች ያስታውሱታል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲነሳ የእርግብ መንጋ ገባበት። ወፎቹ የገቡት በአንዱ ሞተር ብቻ አልነበረም፤ በሁለቱም ነው። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሞከሩ። ሞተሮቹ ኃይል ስላጡ አውሮፕላኑ ከማረፊያው ሳይደርስ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ይህን አደጋ የዓለም ምርጥ የጥገና ኢንስፔክተር አያስቀረውም። ሞተሮቹ ጤነኛ ነበሩ። የወፍ ነገር የሌላ ኢንስፔክተር ሥራ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ደኅንነትን የሚከታተለው። እሱ የሚጠይቀው ስለ ሣሩ ቁመት፣ ስለ ቆሻሻ መጣያው ርቀት፣ ስለ ተጠራቀመ ውኃ ነው። ጣና ዳር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቁ በወፎቹ የታወቀ ነው፤ አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ወፉ ሀብታችን ነው። ችግሩ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ነው።

የጥገናው ኢንስፔክተር የሚመጣው ወፍ ከመታ በኋላ ነው። ፓይለቱ «ወፍ መትቶናል» ብሎ መዝገብ ላይ ከጻፈ አውሮፕላኑ ቆሞ ልዩ ፍተሻ ይደረግለታል። የሞተሩ ምላጮች አንድ በአንድ ይታያሉ። አስፈላጊ ከሆነ ቦሮስኮፕ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ገመድ መሰል መሣሪያ ነው፣ ሐኪም ጨጓራ የሚያይበት ዓይነት። ኢንስፔክተሩ በኋላ ፋይሉን ሲከፍት ወፉ ተጽፏል ወይ? ፍተሻው በመመሪያው መሠረት ተደርጓል ወይ? ይላል። አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያስቆያችሁ «ቴክኒክ» አንዳንዴ አንዲት እርግብ ናት። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ትልቅ ሀንጋር የለም። ከበድ ያለ ነገር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ዕቃውም ባለሙያውም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።

ጣና ዳር ብዙ ጊዜ የሚነሳ ሌላም ጥያቄ አለ፦ የሐይቁ እርጥበት አውሮፕላኑን አያዝገውም? የብረት ዋና ጠላት ጨው ነው። የአሎሃን አውሮፕላን ከመነፋትና መተንፈሱ ጋር ተባብሮ የጎዳው የባሕር ጨው ያለበት አየር ነበር። ጣና ጨው የሌለበት ውኃ ስለሆነ እንደዚያ አያሰጋም። ይልቅ ዝገት የሚፈለገው ከውስጥ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤቱና ከምግብ ማዘጋጃው ወለል ሥር። የፈሰሰ ጁስና ቡና እዚያ ገብቶ ይተኛል። ለሚቀጥለው ጊዜ ቡናችሁን ያዝ አድርጉ።

ብልሽት እያለበት መብረር ይፈቀዳል እንዴ?

አንዳንዱ ይፈቀዳል። ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ የለም፤ ግን በልክ የተቀመጠ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የትኛው ዕቃ ቢበላሽ በምን ሁኔታ መብረር እንደሚቻል የሚወስን ዝርዝር አለ፤ መንግሥት ያጸደቀው። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሜል» ይሉታል። የአንድ ወንበር ማንበቢያ መብራት ቢጠፋ በረራው አይቀርም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ የደኅንነት ዕቃ ከተበላሸ ግን መነሳት የለም።

የተፈቀደውም ቀን ተቆርጦለታል። እንደ ዕቃው ዓይነት አንዳንዱ በ3 ቀን፣ አንዳንዱ በ10 ቀን፣ ቀለል ያለው በ120 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። ኢንስፔክተሩ የሚያድነው እዚህ ቀን ላይ የሚሠራውን ጨዋታ ነው። አንድ ብልሽት በዘጠነኛው ቀን «ተስተካክሏል» ተብሎ ተዘጋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ያው ብልሽት እንደ አዲስ ተከፈተ። ከዚያ እንደገና ተዘጋ፤ እንደገና ተከፈተ። በወረቀት ሁሉም ሕጋዊ ነው። ሦስቱን ገጽ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ብልሽቱ አንድም ቀን እንዳልተጠገነ ያያል። «ተፈትሿል፣ ችግር አልተገኘም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንድ መዝገብ ውስጥ ሲደጋገም ልምድ ያለው ኢንስፔክተር ጆሮው ይቆማል።

አውሮፕላን ማስቆም ይችላል?

ይችላል። መታወቂያውን አሳይቶ ሀንጋርም አውሮፕላንም የመግባት፣ ሰነድ የማየት መብት አለው። ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ካገኘ አውሮፕላኑ እንዳይነሳ ማድረግ፣ ፈቃድ ማገድም በሥርዓቱ ውስጥ አለ። በቺካጎው ስምምነት መሠረት ከውጭ የመጣ አውሮፕላንንም መፈተሽ ይቻላል።

በተግባር ግን ማስቆም ብርቅ ነው። ብዙው ግኝት በደብዳቤ ነው የሚያልቀው። አውሮፓውያን ግኝትን በሁለት ደረጃ ይከፍሉታል፤ አንደኛው ወዲያው እርምጃ የሚያስወስድ ነው፣ ሁለተኛው እስከ ሦስት ወር የማስተካከያ ጊዜ የሚሰጥ። ድርጅቱ «ቴክኒሺያኑን ቀጥተናል» ብሎ ሊመልስ ይሞክራል። ጥሩ ኢንስፔክተር ይህን መልስ አይቀበልም። ለምን ሆነ? ነገ ሌላ ሰው በዚያ ቦታ ቢቆም ያው ስህተት አይደገምም ወይ? ይህ እስኪመለስ ፋይሉ አይዘጋም።

የማይደርስበትም አለ። ዲዛይን የእሱ አይደለም። አውሮፕላኑን የነደፈውና ያጸደቀው አገር ኃላፊነት ነው፤ ለቦይንግ አሜሪካ፣ ለኪው 400 ካናዳ። እነዚህ አገሮች ጉድለት ሲያገኙ የግዴታ መመሪያ ያወጣሉ፤ የእኛው ኢንስፔክተር በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ መፈጸሙን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ሲደርስ ጥያቄው ወደ አምራቹና ወደ አሜሪካው ተቆጣጣሪ የሄደው ለዚህ ነው። የአደጋ ምርመራም ቢሆን ተቆጣጣሪው ራሱን እንዳይመረምር ለብቻው በተቋቋመ አካል ይሠራል።

ከዚያው ቤት የወጣ ሰው እንዴት ይቆጣጠራል?

ደህና ጥያቄ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኢንስፔክተሩ ቢያንስ ከሚቆጣጠራቸው ሰዎች እኩል ብቃት እንዲኖረው ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የሚገኘው አየር መንገድ ውስጥ ነው። አንድ ትልቅ አየር መንገድ ባለበት አገር አብሮ ያልተማረ፣ አብሮ ፈረቃ ያልገባ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሀንጋር ሲገባ የሚቀበሉት የድሮ ጓደኞቹ ናቸው። «እንዴት ነህ፣ ጠፋህ እኮ!» ይሉታል። ምሳ እንጋብዝህ ይመጣል። በእኛ ባህል ግብዣ መመለስ ነውር ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን በዚያ ቀን ምሳውን ከራሱ ኪስ የሚበላ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ግላዊ አድልዎን ለመቀነስ ምንድነው የሚያየው የሚለው አስቀድሞ በዝርዝር ይጻፋል፤ እንዳሻው አይዘልም። አገሮቹ ራሳቸውም ይፈተሻሉ። ዓለም አቀፉ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እየዞረ ይመረምራቸዋል፦ ሕግ አላችሁ? ብቁ ኢንስፔክተር አላችሁ? ያገኛችሁትን ጉድለት ትዘጋላችሁ? በየአገሩ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ጎበዝ ባለሙያ አየር መንገድ ውስጥ የተሻለ ይከፈለዋል። መንግሥት ቤት የሚያቆየው ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ልጄ ይህን ሥራ ቢፈልግስ?

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ኢንስፔክተር አይኮንም። መጀመሪያ የአውሮፕላን ጥገና ይማራል፤ አገራችን ውስጥ የታወቀው ቦታ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለት ዋና መስመር አለ፤ አንዱ አካሉና ሞተሩ፣ ሌላው አቪዮኒክስ የሚባለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ክፍል። ከዚያ ፈቃድ ያወጣል፤ በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ይሠለጥናል፤ ሀንጋር ውስጥ ዓመታት ያሳልፋል። ብርድ ላይ ሌሊት ሠርቶ የማያውቅ ሰው የሌሊት ፈረቃን መዝገብ ቢያነብም አይገባውም። መንግሥት ቤት ከገባ በኋላም ብቻውን ፈርሞ ከመውጣቱ በፊት ከነባር ኢንስፔክተር ጋር እየተከተለ ይማራል።

ፊዚክስና ሒሳብ ይጠቅመዋል። ከሁለቱ እኩል ግን እንግሊዝኛ ማንበብ። የጥገና መመሪያውም፣ የመዝገቡ ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ነው። አምራቾቹ የተመጠኑ ቃላት ብቻ ያሉበት ቀለል ያለ እንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት፤ ልብ ወለድ ማንበብ አይጠበቅበትም። «አጥብቅ» የሚለውና «ከማጥበቅህ በፊት» የሚለው ግን እንዳይምታታበት።